የተስማሙት ዱላዎች

፦ ተረት ተረት!
፦ የላም በረት!
፦ በረቱን ዝጉና ወደ እኔ ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን በአንድ የቆላ መንደር የአገሩ ጉዳይ ሁሉ የሚመከረው ዋርካ ሥር ነበር። ጭቃ ሹም ገሠሠ ይጠይቃል፤ ሕዝቡ ይመልሳል። እያደር ግን ሰዎቹ መቀመጥ ሰለቻቸው። አንዱ ዱላውን ዋርካው ላይ አስደግፎ፦ «ይህ ካለ እኔም አለሁ» ብሎ ሄደ። ሌላውም እንደዚያው አደረገ። ከዚያም ዱላዎቹ እዚያው ቀሩና ባለቤቶቹ ጠላ ቤት መዋል ጀመሩ።

ጭቃ ሹሙ ደስ አለው። ዱላዎቹን እያየ ይጠይቃል፦ «የሚቃወም አለ?» ዝም። «እንግዲያው ተስማምታችኋል!»

አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ልጆቿን የምታሳድገው በቦይ ውኃ በምታለማው ሽንኩርት ነው። ውኃው ቀን በቀን እየቀጠነ ሄደና አንድ ጠዋት ጨርሶ ደረቀ። ቦዩን ተከትላ ብትወጣ ወደ ጭቃ ሹሙ ማሳ ዞሯል። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ወደ ዋርካው ሮጠች።

፦ ጌታዬ፣ ውኃችንን ማን ፈቅዶልዎት ወሰዱት?
፦ መንደሩ ተስማምቶ ነዋ! ባልሽም ጭምር።
፦ ፈንቴ? ፈንቴ ከሞተ ሦስት ክረምት አልፎታል!
፦ ዱላው ይኸውና። አንድ ቀን ተቃውሞኝ አያውቅም።

አንጓች አየችው። የፈንቴ ነው፤ እጁ ያለሰለሰው የወይራ ዱላ። በሕይወቱ ለማንም ያልጎነበሰ ሰው፣ ከሞተ በኋላ የልጆቹን ጉሮሮ ሲዘጋ ኖሯል! ደሟ ፈላ። የፈንቴን ዱላ ብብቷ ውስጥ ያዘችና የቀሩትን ከምራ፣ ከጎረቤት ፍም አምጥታ ለኮሰችባቸው።

፦ ኧረ ያዟት! አለ ጭቃ ሹሙ።

ማን ይያዛት? ያሉት ዱላዎች ናቸው።

ጭሱ ጠላ ቤት ደረሰና ወንዶቹ እየጮሁ መጡ። ከፊት የቦይ ጎረቤቷ አያ ቢሻው ነበር።

፦ አንቺ! የአባቴን ዱላ? አብደሻል?
፦ እሰይ! ለካስ እግር አላችሁ! ውኃ ሲወሰድ ያልመጣችሁ ለእንጨት መጣችሁ? አያ ቢሻው፣ ያንተስ ጎመን ዛሬ ጠጥቷል?

ቢሻው ዞሮ ወደ ማሳው አየ። ጎመኑ አንገቱን ደፍቷል።

፦ ስብሰባው አልቋል! ወደየቤታችሁ! አለ ጭቃ ሹሙ።

አንጓች ግን መሬት ላይ ቁጭ አለችና፦ «አሁን ይጠይቁና! የሚቃወም አለ? ይበሉ!» አለችው።

ጭቃ ሹሙ አልጠየቀም። ቢሻው ሳይጠየቅ ከጎኗ ተቀመጠና፦ «እኔ አለሁ!» አለ። ከዚያም ሌላው ተቀመጠ፤ ከዚያም ሌላው።

ሁሉም በአንድ ቃል ተቃወሙና ፀሐይ ሳትጠልቅ ውኃው ወደ ቀድሞ ቦዩ ተመለሰ። ከሽንኩርቷ ግን ግማሹ ዳግመኛ አልተነሣም። እነሱ ጠላ ሲጠጡ እሱ ሞቷላ!

በሉ፣ ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ። ዳቦውን ግን ራሳችሁ ይዛችሁ ኑ። ዱላ እንዳትልኩብኝ።