ከወይራው ባላ የወረደው ቀንድ

«ቀንድ የሚናገረው በድርቅ ነው» ይል ነበር የአጋዘኑ የቢተው አባት፣ ነፍሱን ይማረውና። ከመደጋገሙ የተነሣ ልጆቹ ገና አፉን ሲከፍት ቃሉን ጨርሰውለት ይሄዱ ነበር።

ያን ጫካ የሚገዛው ከባሕር ማዶ የመጣ አንበሳ ነው። አንበሳው የአገሩን ቋንቋ ስለማያውቅ የሚናገርለት አያ ጅቦ ነበር። አያ ጅቦ ደግሞ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነውና ማን የት እንደሚተኛ ያውቃል። አንበሳው ያዛል፣ ጅቡ ይተረጉማል፣ የቀረው «እሺ» ይላል። ይግባኝ የለም እንዳይባል ይግባኝም ነበር፤ የሚሰማው ግን ያው የፈረደው ነው።

አንድ ቀን ጉባኤ ተጠራ። አያ ጅቦ ጉቶ ላይ ወጥቶ፣ ከባሕር ማዶ ታላቅ ዐውደ ርእይ ሊከፈት መሆኑን፣ የዓለም ጫካ ሁሉ ያለውን እዚያ እንደሚያሳይ አስረዳና ከየወገኑ አንድ የከበረ ዕቃ እንዲወጣ አዘዘ። ጥሪኝ ዝባዷን፣ ንቦች ሰማቸውን ሊሰጡ ተስማሙ። ጃርት ግን፣ «እሾህ ሞልቶኛል ጌታዬ፤ የሚነቅለውን ጣት ከራስዎ ያምጡ» ቢል ጉባኤው ሳቀ። አያ ጅቦም አብሮ ሳቀ፤ የጃርትን ስም ግን በልቡ ያዘ።

ሳቁ ሲበርድ ጅቡ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዕቃው እዚያ ያልታየ ወገን እንደሌለ ይቆጠራል» አለ። «የሌለ ደግሞ ግጦሽ የለውም።»

ቢተው አንገቱን ደፋ። የአጋዘኖች አለቃ እሱ ነው፤ ወገኖቹ ደግሞ ከሚግጡት ሣር በቀር ለዓይን የሚሞላ ነገር ቢኖራቸው የአባቱ ቀንድ ብቻ ነው።

የአጋዘኖች ልማድ እንዲህ ነበር። አለቃ ሲሞት ቀንዱ ከወይራው ባላ ላይ ይሰካል፤ ጫፉም በድርቅ ወደማይነጥፈው ምንጭ ያመለክታል። ምንጩን በቃል መናገር አይፈቀድም፤ ጅብ ይሰማል። በጥጋብ ዘመን ወደ ጫፉ መመልከትም ነውር ነው፤ ዐይን ያየበት እግር ይሄዳል፣ እግር የሄደበት ዱካ ይቀራል። ስለዚህ ዝናብ እስካለ ድረስ ከወይራው ሥር የሚያልፍ ሁሉ አቀርቅሮ ያልፋል። ቢተው በጥጋብ ተወልዶ በጥጋብ ያረጀ ነውና ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም። ቀንዱን የሰካው ሽማግሌም ከሞተ ቆይቷል።

ታላቅ እኅቱ ዘርፌ ነገሩን ስትሰማ መጣች።

«ወንድምዓለም፣ ሣሩን ይውሰዱት። ይህን ግን ተው።»

«ሣሩን ከወሰዱትስ ውሃውን ማን ሊጠጣው ነው?» አላት።

ሦስት ቀን ጾመ፣ ጸለየ። አያ ጅቦ ደግሞ ቀንዱ ስድስት ወር ሳይሞላ ተመልሶ እንደ ነበረው እንደሚሰካ በአንበሳው ስም ማለ። ቢተው ራሱ ለመሓላ ይጠነቀቅ ነበርና ሌላውም የሚጠነቀቅ መሰለው።

ጦጣዎች ቀንዱን ሊያወርዱ ወይራው ላይ ሲወጡ ዘርፌ ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«በል አሁን እንኳ አንዴ ቀና ብለህ እይ።»

«ዘንድሮ ጥጋብ ነው፣ እቴ። አልተፈቀደም» አለና ዐይኑን ጨፈነ።

ስድስት ወር አለፈ፤ ዓመትም ሆነ። ቢተው ወደ አንበሳው ደጅ ሄዶ ሲጠይቅ ቀንዱ እዚያ በጣም እንደ ተወደደ ነገሩት፤ ደስ ሊለው እንደሚገባም ጨመሩለት። ግጦሹ እውነትም አልተነካም። ቃላቸውን ጠበቁ ብሎ እግዚአብሔርን አመሰገነ።

በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ቀረ። ያልተነካው ግጦሽ አመድ ሆነ፤ ወንዙም ነጠፈ። መንጋው ከወይራው ሥር ተሰበሰበና፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሁሉም ቀና አለ። ባላው ባዶ ነው። ቀንዱ የነበረበትን ጠባሳ እንኳ ቅርፊት ሸፍኖታል። ማንም ቢተውን አልወቀሰውም፤ ወዴት እንሂድ ብለው ብቻ ጠበቁት። ወደ ምሥራቅ አለ፤ ስንጸልይ ፊታችንን የምናዞረው ወደዚያ ነው ብሎ። አምስት ቀን ሄዱ። ውሃ አልነበረም። ከተመለሱት መካከል ዘርፌ የለችም።

ከዚያ በኋላ አንድ መንገደኛ ሽመላ ወይራው ላይ አረፈ። ከባሕር ማዶ መምጣቱ ነው። ያንን ዐውደ ርእይ በመስኮት እንዳየው፣ ዝባዱም ሰሙም በየጠርሙሱ እንደ ተደረደረ፣ ከመካከላቸው አንድ ጥምዝ ቀንድ ቆሞ እንደሚታይና ከሥሩም «ጌጥ» የሚል ጽሑፍ እንዳለ አወራ።

ቢተው እየተንገዳገደ ተነሣ። መጠየቁ ምን እንደሚረባው ራሱም አያውቅም።

«ጫፉ ወዴት ያመለክታል?» አለው።

ሽመላው ከሥሩ የተኙትን የከሱ አጋዘኖች አየ። ኋላ እንዲህ አለው፦

«አባቴ፣ እዚያ ጠዋት ጠዋት አቧራ የሚጠርግ አለ። ቀንዱን አንሥቶ ይወለውልና እንደመጣለት መልሶ ያቆመዋል። ሰባት ቀን ሰነበትሁ፤ ሰባት ቦታ ሲያመለክት አየሁት።»