ወንዝ የሚሻገር ድንጋይ

አንድ ክንደ ብርቱ ሰው ነበረ፤ ወንጭፍ ወርዋሪ።

ስለሱ ከመንገሬ በፊት ግን ጥያቄሽን ልድገምልሽ፤ ከሌላ ሰው አፍ ስትሰሚው ምን እንደሚመስል እዪው። እንዲህ ነው ያልሽኝ፦ «ጋሽ ይርዳው፣ የዩኒቨርሲቲዋ ልጅ ክንዷ ጉድ ነው። ከዚህኛው ግብ አጠገብ ቆማ ወዲያኛው ግብ ውስጥ ኳስ ታስገባለች። ያላወራላት ክለብ የለም። እኔ ያለኝ የአንዲት ተጫዋች ቦታ ብቻ ነው፣ ስሟን ነገ ማታ ማስገባት አለብኝ። ዘንድሮ ከሊጉ ከወረድን ክለቡ የእጅ ኳስ ቡድናችንን ይበትነዋል፣ አሥራ አራት ልጆች ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ሰባት ጊዜ ሄጄ አይቻታለሁ፣ ልቤ ግን አልቆረጠም። ልጅቷን አጋነንናት ይሆን?» ይኸው ነው አይደል? እሺ።

ተነሺ፣ እየተራመድን ላውራሽ። ጉልበቴ ቁጭ ስል ነው የሚብስብኝ፤ ደግሞ አንቺ እግርሽን እንደዚያ ስታርገበግቢ አጠገብሽ መቀመጥ አልችልም። አሰልጣኝሽ በነበርኩ ጊዜም ይሄ አመልሽ ያናድደኝ ነበር። ሜዳውን እንዙረው።

ሰውየው የቆላ ሰው ነው። አገሩ ማሽላ ያበቅላል። ከማሽላው በታች ወንዝ አለ፣ ከወንዙ ማዶ ገደል፣ ገደሉ ውስጥ ዝንጀሮ። ማሽላው ወተት ከያዘበት ቀን ጀምሮ እስኪታጨድ ድረስ ሰውና ዝንጀሮ እንደተፋጠጡ ነው የሚከርሙት። ስለዚህ የመንደሩ ሰው በየዓመቱ አንድ ጠባቂ ይቀጥራል። ማሽላው መካከል ከእንጨት የተሠራ ረጅም ማማ አለ፤ ጠባቂው እላዩ ላይ ወጥቶ ድንጋይ እየወነጨፈ ዝንጀሮ ይመልሳል።

አመራረጡ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ እጩዎቹ ወንዙ አፋፍ ላይ ይቆሙና ይወነጭፋሉ፤ ድንጋዩ ከሁሉ ርቆ የወደቀለት ሰው ማማውን ይወጣል። ቀላል ነው፣ ሁሉም ያየዋል፣ አያጨቃጭቅም። በዚያ ቀን ታዲያ አንድም ዝንጀሮ ብቅ አይልም። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ሲንጫጫ ከየት ይመጣል? ይሄን ልብ በዪልኝ።

መራጭነቱ በየተራ ነው፤ በዚያ ዓመት ተራው የደረሰው አንድ ገበሬ ነበር። ያለፈው ዓመት ማሽላው ከሽፎበት ቤቱ ችግር ገብቷል። ሰባት ነፍስ ነው የሚያበላው። ሚስቱ ቁርጡን ነግራዋለች፦ «ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ ልጆቼን ይዤ ወንድሜ ቤት እገባለሁ፤ አንተም በሬህን ሸጠህ የቀን ሥራ ፈልግ።» በሬውን የሸጠ ሰው ደግሞ ዳግመኛ ገበሬ አይባልም፤ ይሄን ሁለቱም ያውቃሉ። ለሌላው የወንጭፉ ቀን ጨዋታ ነው፤ ለዚህ ሰውዬ ቤቱ ነበር የተያዘው። ማሳውም እዚያው ማማው ሥር ነው፤ የማማው መሰላል የቆመው እሱ አፈር ላይ ነው።

መጀመሪያ አንድ ቀጭን ሰው ቀረበ፣ ሌላ መንደር አራት ዓመት የጠበቀ። ከመወርወሩ በፊት ዞር ብሎ ኋላውን አየ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ከዚያ ወነጨፈ። ድንጋዩ ወንዙ መሃል ገባ። አንዲት ሴት «ዓሣ ልትጠብቅልን ነው እንዴ?» አለችውና መንደሩ ሁሉ ሳቀበት። እሱም አብሯቸው ሳቀ፣ ሄዶ ተቀመጠ።

ቀጥሎ ክንደ ብርቱው ተነሣ። ወንጭፉን ሁለት ጊዜ አዙሮ ለቀቀው። ድንጋዩ እየጮኸ ወንዙን አለፈ፣ የማዶውን አሸዋ አለፈ፣ ገደሉ ጫፍ ካለው ወርካ ወዲያ ሄዶ አቧራ አስነሣ። እልልታው ቀለጠ። ድገም አሉት፣ ደገመ። ሠልስ አሉት፣ ሠለሰ። ገበሬው እንባው እስኪመጣ ድረስ ደስ አለውና «በቃ፣ ሰውዬው ይሄ ነው» አለ። ማን ይቃወመዋል? እኔም ብሆን አጨበጭብ ነበር፤ ጉልበት ሲያዩት ደስ ይላል።

አሁን ስለ ዝንጀሮ ልንገርሽ። ዝንጀሮ ሞኝ እንዳይመስልሽ። አንዱ ትልቅ ገመሬ፣ የመንጋው አውራ፣ ማዶ ወርካው ሥር ይወጣና ሰው እያየው ቁጭ ይላል። ያዛጋል፣ ይታከካል፣ ምንም ሥራ የለውም። የቀሩት በዚያ ጊዜ በወንዙ ቦይ ተስበው ከታች በኩል ማሽላው ውስጥ ይገባሉ፣ እናቶቹም ልጆቻቸውን እንዳዘሉ። ማሽላው ከሰው ቁመት ስለሚበልጥ ከገቡ በኋላ አይታዩም፤ የሚታየው የአገዳው መነቃነቅ ብቻ ነው፣ እሱም ወደ ታች ለሚያይ ሰው።

ጠባቂው ገመሬውን አየ፣ ወነጨፈለት። ድንጋዩ ክንድ በማይሞላ ርቀት አጠገቡ አረፈ። ገመሬው ዘለል ብሎ ትንሽ ራቅ አለና እንደገና ተቀመጠ። ጠባቂው እንደገና ወነጨፈ። ይሄው ነው ሥራው፣ ከጠዋት እስከ ማታ። የመንደሩ ሰው ሥራ ሲፈታ ከማሽላው ዳር ያለ ጉብታ ላይ ወጥቶ ያየው ጀመር። ከጎረቤት መንደር ሳይቀር ይመጣሉ። «ዛሬ የት አደረሰው?» ይባባላሉ። ጠባቂው ከላይ ሆኖ ይሰማቸዋል፤ ሲሰማቸው የበለጠ ያርቀዋል።

ገበሬው ግን እረፍት አጣ። ምን እንደሚበላው ራሱም አያውቅም። ሥራውን ጥሎ ጉብታው ላይ ይወጣል፣ ድንጋዩን በዓይኑ ይሸኛል፣ ደስ ይለዋል፣ ይወርዳል። ቤቱ ሳይደርስ ደስታው ይጠፋና ተመልሶ ይወጣል። አንድ ቀን ሚስቱ «ምን ሆነሃል? አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተህ እኮ» አለችው።

«ሰውየውን አጋነንነው ይሆን እያልኩ ነው።»

«ታዲያ ሄደህ እየዋ!»

«በየቀኑ አይደል እንዴ የማየው!»

«ምኑን?» አለችው።

ድንጋዩን ነው ሊላት አልደፈረም። ወጥቶ ደጅ ላይ ሲንጎራደድ ቆየ፣ ተመልሶ ገባ፣ እንደገና ወጣ፤ በመጨረሻ ስልቻና ማጭዱን አንሥቶ ሄደ። ማሽላው ሊታጨድ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። በጠራራ ፀሐይ ወንዙ ድረስ ወረደና ዝንጀሮ በሚመጣበት ቦይ በእንብርክኩ የገዛ ማሳው ውስጥ ገባ። ያሰበው የራሱን ማሽላ ሊሰርቅ ነው። ጠባቂው ካየኝ ድንጋዩን እቀምሳለሁ፣ ጀርባዬ ቢጎዳም ልቤ ያርፋል ብሏል። ካላየኝ ደግሞ ስልቻውን ሞልቼ መሰላሉ ሥር አስቀምጥለታለሁ፣ እሱ ይፈር ብሏል።

እየተሳበ ገባ። ከላይ ወንጭፉ ሲጮህ ይሰማዋል፣ ከጉብታው ላይ እልልታው ይሰማዋል። እጁን ወደ አንዱ አገዳ ሰደደ፤ የፍሬ ዛላ የለውም። ወደ ጎኑ ሰደደ፤ ያም የለውም። ቆመ። መደበቁን ረሳው። ከዳር ያለው ሁለት ረድፍ ብቻ ነው ደህና የቆመው፤ ከሱ ወደ ውስጥ ያለው አገዳና ቅጠል ነው፣ ዛላው ተቀጥፎ አልቋል። ከጉብታው ላይ ሲያየው የከረመው ለምለም ማሳ ይሄ ነው። ሊሰርቅ የገባው ሰው የሚሰርቀው አጣ። መሰላሉ ሥር ሲደርስ ስልቻው ውስጥ የነበሩት ዝንጀሮ ነካክሶ የጣላቸው ሦስት ዛላዎች ናቸው። እዚያው ተቀመጠና አለቀሰ።

ጠባቂው የሰው ድምፅ ሰምቶ ከላይ ጎንበስ አለ። «ጌታዬ፣ የአሁኑን አዩልኝ? ከወርካው እኮ አለፈ!» አለው።

ገበሬው ስልቻውን ገልብጦ አራገፈው። ጠባቂው ወረደ። አገዳዎቹን እየዳሰሰ ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ፣ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። «ጌታዬ» አለው፣ «በመረጡኝ ቀን ሩቅ ወርውር ነው ያሉኝ። ድገም አሉኝ፣ ሠልስ አሉኝ። አንድም ሰው ወደ ታች እይ አላለኝም።»

ገበሬው በኅዳር በሬውን ሸጠ። ሚስቱም ልጆቿን ይዛ ወንድሟ ቤት ገባች። ጠባቂውን መንደሩ አባረረው፤ ካባረሩት መካከል ያ ሁሉ እልል ያለለት ሰው አለበት። ሲሄድ ወንጭፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር አሉ። ጥፋቱ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በደንብ የገባው አይመስለኝም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ስንዱ። ቁሚና ስሚኝ፤ መራመዱ ይብቃን።

ልጅቷ ያ ክንደ ብርቱ ሰው ነች። ክንዷ እውነተኛ ነው፣ አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም። ዝንጀሮ የማይመጣበት የእሑዱ ቀን ደግሞ እናንተ ጠርታችሁ የፈተናችኋት ባዶ አዳራሽ ነው። በረኛ እንጂ ተከላካይ ፊቷ አልቆመባትም። የፈተናዋን ቪዲዮ እኔም አይቼዋለሁ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደጋግሜ አየሁት፣ ደስ ብሎኝ። ጉብታው ላይ የወጣነው እኛ ሁላችን ነን። ማማው ሥር ማሳ ያለሽ ግን አንቺ ነሽ። ቡድኑ ቢበተን ከኛ ከተመልካቾቹ ከማንም ቤት ምንም አይጎድልም።

ከመጣሽ ጀምሮ ስለ ክንዷ ስንት ጊዜ ነገርሽኝ? ባለፈው ግን የምፈልገው ጨዋታ የምታከፋፍል ልጅ ነው ብለሽኝ ነበር። ታዲያ ሁለት ተከላካይ ሲጫኗት ኳሱን ለማን ነው የምትሰጠው? ዳር ላይ ነፃ የቆመችውን ጓደኛዋን ታያታለች ወይ? ስትሳሳት ይጠፋባታል ወይስ ትረጋጋለች? አንገትሽን አትድፊ፣ ልወቅስሽ አይደለም። ዓይን ከሚበር ነገር ጋር አብሮ ይበራል፤ የሁላችንም ዓይን እንዲሁ ነው።

እንግዲህ አጋነንናት ወይ ብለሽ ላልሽኝ መልሴ አላውቅም ነው። አንቺም አታውቂም። ያጋነንናት ከሆነ ክንዷን ስላየን ነው፣ ያሳነስናትም ከሆነ በዚያው ምክንያት ነው። ገና ነገ ሙሉ ቀን አለሽ። ጠዋት ጥሪያትና ሦስት ጉልበተኛ ተከላካይ አቁሚባት። ኳሱ ከእጇ ሲወጣ አትከተዪው። እዚያው እሷ ላይ ቆዪ፤ አንገቷን ታዞራለች ወይ፣ ከመወርወሯ በፊት ማንን አየች፣ ማንን አላየችም፣ እሱን ብቻ። ጓደኞቿን ካየቻቸው ውሰጃት፣ እንዲህ ያለ ክንድ በየዓመቱ አይገኝም። ካላየቻቸውና እያስተማርኩ እወስዳታለሁ ካልሽም መብትሽ ነው። ግን ከመጀመሪያው ቀን ንገሪያት። ልጅቷ ሃያ ዓመቷ ነው፤ የወደድሽላትን ነው የምትሰጥሽ። ወርውሪ ብለሽ ከወሰድሻት ቡድንሽ እስኪበተን ድረስ ትወረውርልሻለች፤ ከዚያ ሁላችንም ተነሥተን እሷን እናባርራታለን። እኔን ያሳዘነኝ ይሄኛው ነው፤ ለአንቺ ከማዝነው ይልቅ ለሷ አዝናለሁ።

በይ ሂጂ። የክለቡ ሰዎች ዛሬ ወሰንሽ ወይ ካሉሽ ገና አላየኋትም በያቸው። ሰባት ጊዜ ሄደሽ አላየሻትም ወይ ብለው ይስቁብሽ ይሆናል። ይሳቁ። ሰባት ጊዜ ኳሱን ነው ያየሁት በያቸው።