የሾላ ሜዳው ድልድይ

በግራሬ ወንዝ ግራና ቀኝ ያለ ሰው፣ ለአንድ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ወረዳ ተመላልሶ በአራተኛው ያልጠየቀው ነገር ተሰጥቶት ሲመለስ፣ ዱላውን ግድግዳ እያስደገፈ የሚላት አባባል አለችው። የሰሙት ይስቃሉ፤ ተናጋሪው ግን አይስቅም። አባባሏ ዝም ብላ አልመጣችም። የተወለደችው በአንድ የምረቃ ቀን ነው፤ ያን ቀን ከሁሉም በላይ አንጀቷ ያረረው ደግሞ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት አትጠገብ ነበረች።

ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። ከተማሪዎቹ እኩሌታዎቹ የሚመጡት ግን ከወዲህ፣ ከሾላ ሜዳ ነው። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ይሻገራሉ። ግንቦት አልፎ ሰኔ ሲገባ ግራሬ ከተራራው ደራሽ ጎርፍ ይዞ ይወርዳል፤ ያኔ ከወዲህ ካለው ዋርካ እስከ ማዶው ቋጥኝ በተወጠረው ገመድ ካልሆነ አይታለፍም። ገመዱን የሚጠብቁት አያ ይርሳው ናቸው። ስድሳን ያለፉ፣ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢና የታወቁ ዋናተኛ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ በጀርባቸው አዝለው ያሻግራሉ። ውሃው ሲብስባቸው እሳቸውም ይተዉታል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ የሚሰጠው በሰኔ ነው። ባለፈው ዓመት ዘጠኝ ልጆች ከወዲህ ቆመው የፈተናውን ደወል በጆሯቸው እየሰሙ ቀሩ።

አትጠገብ አራት ዓመት ሙሉ ወረዳ የተመላለሰችው ለዚህ ነው። መጀመሪያ «ይጠናል» አሏት። ቀጥሎ «እየተጠና ነው» አሏት። ከዚያ «ተጠንቶ ነበር፣ ጥናቱ ጠፋ» አሏት። በአምስተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ በጀቱ ከክልል ተለቀቀ ተባለ፤ ለወንዙ ድልድይ፣ ጣሪያ ለሌላቸው አራት ክፍሎችም ቆርቆሮ። አትጠገብ ያን ቀን በደስታ ምሳ መብላቱንም ረሳችው።

በሳምንቱ የወረዳው የግንባታ ኃላፊ አቶ ሙሉሰው አንድ ወጣት መሐንዲስ አስከትለው መጡ። መኪናቸው ሾላ ሜዳ መሃል ቆመ። ኃላፊው ወረዱና ሣሩን በጫማቸው መታ መታ አደረጉት።

«እዚህ ላይ ይሠራል» አሉ።

አትጠገብ ወደ መሬት አየች። ከእግራቸው ሥር ያለው ፍየል የምትዘለው ደረቅ ቦይ ነው።

«ይቅርታ አቶ ሙሉሰው፣ ወንዙ እኮ እዚያ ታች ነው።»

«እናውቃለን። ወንዙ ድረስ ሲሚንቶ የጫነ መኪና አይገባም። መንገድ ይፈልጋል። የመንገዱ በጀት የከርሞ ነው፤ የድልድዩ የዘንድሮ።»

«ታዲያ መንገዱ እስኪሠራ ድልድዩ ይቆያ!»

«ከቆየ ሰኔ ሠላሳ ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል። አንዴ ከመለስን ደግሞ ‹እነዚህ በጀት መጠቀም አይችሉም› ተብለን በሚቀጥለው ዓመት ዞር ብሎ የሚያየን የለም።»

«ውሃ የሌለበት ድልድይ ለማን ነው የሚሠራው?»

«ቦዩም በክረምት ውሃ ይይዛል።»

«ልጆቹ እየዘለሉት እኮ ነው የሚሄዱት!»

መሐንዲሱ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። አቶ ሙሉሰው ዞረው አዩት፤ መልሶ ዘጋው። ከዚያ ኃላፊው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚኝ እህቴ። ድልድዩና ቆርቆሮው የመጡት በአንድ ሰነድ ነው። ማኅበረሰቡ በቦታው ተስማምቷል ብለሽ ካልፈረምሽ ሁለቱም ይመለሳሉ። ከፈረምሽ ግን ቆርቆሮሽ ከክረምት በፊት ይደርሳል። አንቺው ምረጪ።»

አትጠገብ ብዕሩን ተቀበለች። ዝናብ ሲመጣ ደብተራቸውን በሆዳቸው ደብቀው ግድግዳ ሥር የሚጠጉት የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ታዩዋት። ፈረመች።

ማታውን ለአያ ይርሳው ስትነግራቸው አልተቆጧትም። «ቆርቆሮውስ በየት በኩል ይሻገራል ልጄ?» ብቻ አሉ።

ድልድዩ ተሠራ። ውሸት አይነገርም፣ ያማረ ድልድይ ነው፤ ግራና ቀኙ አረንጓዴ የተቀባ ብረት፣ ከታቹ ሣር። የገበያ ቀን ፍየሎች ከሥሩ ይጠለሉበት ጀመር። ቆርቆሮው ግን ግንቦትን አሳለፈ። የደረሰው ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ግራሬ ከሞላ በኋላ ነው። ሾፌሩ ድልድዩ አጠገብ አራግፎት ሄደ። አትጠገብ ከዚያ ወዲያ ያን ክምር ባየች ቁጥር የገዛ ፊርማዋን የምታይ ይመስላት ነበር።

ምረቃው የዋለው ፈተናው ሊሰጥ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ከክልል አቶ ደስያለው የሚባሉ ትልቅ ኃላፊ መጡ። ችኩል ሰው ናቸው፤ ከቀትር በኋላ ሌላ ወረዳ ሌላ ምረቃ አለባቸው። ሪባኑን ቆረጡ፣ ተጨበጨበ። ወዲያው ሰዓታቸውን አዩና «ትምህርት ቤቱንስ?» አሉ። «ሪፖርቱ ጣሪያው ተመትቶ አልቋል ይላል። እሱን አይቼ ልሂድ።»

አቶ ሙሉሰው ላብ አጠመቃቸው። «ክቡር ኃላፊ፣ ጊዜው ከሚጣበብብዎት ከዚሁ ቢመለሱ...»

«ድልድይ ሠርተን ምን መመለስ ነው? በሉ እንሻገር!»

መኪናቸው ውስጥ ገቡና በድልድዩ ላይ አለፉ። ሕዝቡ ተከተለ። መኪናዋ ሜዳውን ጨርሳ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ግራሬ አፋፍ ላይ ቀጥ አለች። ደፍራሹ ውሃ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። አቶ ደስያለው ወርደው ወደ ላይ አዩ፤ ወደ ታች አዩ።

«ድልድዩ የታለ?»

«አሁን ተሻገሩት» አለች አትጠገብ።

«እና ይሄ ምንድን ነው?»

«ወንዙ።»

አቶ ደስያለውን እልህ ያዛቸው። አትጠገብ ውሃው እስኪጎድል ይቆዩ ብላ ለመነች። «ጊዜ የለኝም፤ እኔ ወንዝ ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ» ብለው ጫማቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን ጠቀለሉና ገመዱን ያዙ። አያ ይርሳው «ጌታዬ፣ ይቅርብዎት» እያሉ ከኋላቸው ገቡ። መሃል ሲደርሱ አንድ ግንድ መጥቶ የእንግዳውን ጉልበት መታው። ገመዱን ለቀቁ። ኃላፊው አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥልቅ ሲሉ ሴቶቹ እሪ አሉ። አያ ይርሳው ተወርውረው በኮታቸው ኮሌታ አነቋቸው፤ እየዋኙ፣ እየጎተቱ፣ በስንት መከራ ወደ ተነሡበት ዳር አወጧቸው።

እንግዳው የጠጡትን ውሃ ተፍተው፣ ሰው ጋቢ አልብሷቸው፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ የመጀመሪያ ቃላቸው «የድልድዩን ቦታ ማን ነው ያጸደቀው?» የሚል ሆነ።

«ማኅበረሰቡ ነው፣ ፊርማ አለን» አሉ አቶ ሙሉሰው ፈጠን ብለው።

አትጠገብ ወደ ፊት ወጣች። «ፊርማው የእኔ ነው። በቆርቆሮ ለውጬ ነው የፈረምኩት። ቆርቆሮውም ያው፣ ሜዳ ላይ ተከምሯል። ሪፖርቱ ስለሚለው ጣሪያ እኔ የማውቀው የለም። ጥፋቴን አልክድም፤ መቅጣት ከፈለጉ ይቅጡኝ። ግን እርስዎ ዛሬ አንዴ የቀመሱትን እነዚህ ልጆች ሰኔ በገባ ቁጥር ይቀምሱታል። ከሦስት ቀን በኋላ ሠላሳ ሰባቱ ፈተና አለባቸው። በምን ላሻግራቸው?»

አቶ ደስያለው ስልካቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ ውሃ ተንጠባጠበ፤ ሞቷል። የአቶ ሙሉሰውን ተቀብለው ደወሉ፤ ከወዲህ ያሉት ልጆች እዚሁ፣ በቀበሌው አዳራሽ እንዲፈተኑ አዘዙ። በእርግጥም ያን ዓመት ፈተና ያመለጠው ልጅ የለም። ስለ ድልድዩ ግን «መንገዱን ለከርሞ በጀት አስይዛለሁ» ነው ያሉት። አትጠገብ «ከርሞ» የምትለዋን ቃል ስትሰማ ፊቷን አዞረች።

ምረቃውን ሊቀርጽ የመጣው የወረዳው ጋዜጠኛ ደግሞ ይህ ሁሉ ሲሆን ካሜራውን አላጠፋም ነበር። ፕሮግራሙ ላይ «የማኅበረሰቡ አስተያየት» የሚል ተጽፎለታል፤ ያንን ሳይቀዳ አይመለስም። ድምፅ ማጉያውን ይዞ ሄደና፣ እርጥብ ኩታቸውን ሲጨምቁ የቆሙትን አያ ይርሳውን «አባቴ፣ ዛሬ በተመረቀው ድልድይ ምን ተሰማዎት?» አላቸው።

አያ ይርሳው መጀመሪያ ሜዳው ላይ የቆመውን ድልድይ፣ ከዚያ በጋቢ ተጠቅልለው የሚንቀጠቀጡትን ኃላፊ አዩና እንዲህ አሉት፦ «ምን ይሰማኛል ልጄ፤ ድልድዩ ለሜዳ፣ ዋናው ለእንግዳ።»