እምቢ ያለው የስንዱ ኮምፒውተር

ጆሯችሁን ወዲህ አቅርቡ፤ ነገሩ የጆሮ ነገር ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለ አንድ ቅያስ፣ ስንዱ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ዓይኗ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አያይም። ተምራ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመርቃለች፤ ነገር ግን በሕይወቷ አንድም ፈተና ብቻዋን ተፈትና አታውቅም። ሁልጊዜ ከጎኗ አንባቢ ይቀመጣል። እሱ ጥያቄውን ያነባል፣ እሷ መልሱን ትነግረዋለች፣ እሱ ያጠቁርላታል። ባለፈው ዓመት ለሥራ ስትፈተን የተመደበላት አንባቢ ቸኩሎ ኖሮ ሁለት ገጽ አጣብቆ ገለጠ። የተዘለለ ጥያቄ እንዳለ ያወቀችው ከወደቀች በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስንዱ የምትፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ሆነ፤ ጥያቄዋን በገዛ ጆሮዋ ሰምታ መልሷን በገዛ እጇ መስጠት።

አንድ የትርጉም ድርጅት ሠራተኛ ሊቀጥር ፈለገ። ፈተናው በኢንተርኔት ነው፣ ሥራውም ከቤት ነው። ስንዱ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አላት፤ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብላት ፕሮግራም ተጭኖበታል። በእሱ ተመዘገበች። ፈተናው ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ እስከ ስምንት ተኩል ያልገባ ደጅ ይቀራል።

ማክሰኞ ጠዋት መፈተኛውን ፕሮግራም ልትሞክረው ብትከፍተው፣ ለካ ታድሶ አድሯል። በዚህ አሮጌ ሲስተም ላይ መሥራት ትቻለሁ፣ አዲሱ ካልተጫነ አልነሳም ይላል። ድርጅቱ ዘንድ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት አዘነችላት፤ ግን ፕሮግራሙ ከተመዘገበው ኮምፒውተር በቀር በሌላ እንደማይከፈት፣ ሰዓቱም እንደማይለወጥ ነገረቻት።

ፕሮግራሙ ያለ አዲሱ ሲስተም አልነሳም አለ፤ ፈተናው ያለ ፕሮግራሙ አልከፈትም አለ፤ ስንዱም ጥያቄዋን መስማት አቃታት።

ናርዶስን ጠራቻት። ናርዶስ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። ይህንንም ዴስክቶፕ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ገዝታ፣ አጽድታ ለስንዱ የሸጠችላት እሷው ነበረች። ፍላሾቿን ይዛ እያለከለከች መጣች፤ አንዱን ሰካችና አዲሱን ሲስተም መጫን ጀመረች። ሲስተሙ ግን ከመግባቱ በፊት ኮምፒውተሩን መመዘን ያዘ። መዘነው፣ መዘነውና ተፋው። ናርዶስ ከስክሪኑ ላይ አነበበችላት፤ ይህ ኮምፒውተር ዕድሜው የገፋ ነው፣ የምፈልገው ዕቃ በውስጡ የለም፣ አልጫንበትም ይላል።

ሲስተሙ አሮጌ ቤት አልገባም አለ፤ ፕሮግራሙ ያለ ሲስተሙ አልነሳም አለ፤ ፈተናው ያለ ፕሮግራሙ አልከፈትም አለ፤ ስንዱም ጥያቄዋን መስማት አቃታት።

ናርዶስ ይህ አዲስ አልሆነባትም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ያዘጋጀችው ሌላ ፍላሽ ነበራት፤ መመዘኛው የወጣለት፣ አሮጌ አዲስ ሳይል የሚጫን። ግን አስቀድማ አስጠነቀቀቻት። ሠሪዎቹ ለዚህ ኃላፊነት አይወስዱም፤ በውስጡ ያለው ፋይል ሁሉ ይጠፋል፤ ከተበላሸም አሮጌው ሲስተም አይመለስም።

ስንዱ እጇን ኮምፒውተሩ ላይ አሳረፈች። በኮምፒውተሩ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ጽሑፎቿ ሁሉ አሉ።

«አጥፊው» አለቻት።

ይህ ፍላሽ የሚሠራው ታዲያ ኮምፒውተሩ ሲበራ በውስጡ ካለው ሲስተም ቀድሞ ከተነሣ ነው። ናርዶስ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው፤ ከፍላሹ ተነሣ ብላ አዘዘችው። ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ጠየቃት። የዱሮው መሥሪያ ቤት ያስገባው ቃል ነው። የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች። አንዱም አልሆነ።

ኮምፒውተሩ ያለ ይለፍ ቃል ፍላሹን አላስነሳም አለ፤ ሲስተሙ ያለ ፍላሹ አሮጌ ቤት አልገባም አለ፤ ፕሮግራሙ ያለ ሲስተሙ አልነሳም አለ፤ ፈተናው ያለ ፕሮግራሙ አልከፈትም አለ፤ ስንዱም ጥያቄዋን መስማት አቃታት።

ለይለፍ ቃሉም መላ አለው። በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች፤ እሷ ከተነቀለች እንዲህ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ቃሉን ይረሳል። ናርዶስ ዴስክቶፑን ወደ ራሷ አዞረችና እጇ ቆመ። ስንዱ የእጇን መቆም ሰማች።

«ምን ሆንሽ?»

«ጓጉንቸር አለው» አለች ናርዶስ። «ስሸጥልሽ ምንም አላልኩ። ያን ጊዜ የሚያስከፍት ነገር አልነበረም።»

ስንዱ እጇን ሰድዳ ዳሰሰችው። ወፍራም፣ ቀዝቃዛ ጓጉንቸር ክዳኑን ከአካሉ ጋር አስሮ ይዟል። መሥሪያ ቤቱ የውስጥ ዕቃው እንዳይሰረቅ ያስቆለፈው ነው። ናርዶስ በመጋዝ ሞከረች፤ መጋዙ ብረቱን ጫር ጫር አደረገውና ጥርሱ ረገፈ። በመዶሻ እንዳትመታው፣ ከጀርባው ያለው ዋናው ሰሌዳ ከተሰነጠቀ ሁሉም ነገር አበቃ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው።

ጓጉንቸሩ ያለ መክፈቻው ክዳኑን አልለቅም አለ፤ ክዳኑ ባትሪዋን አላስነካም አለ፤ ኮምፒውተሩ ያለ ይለፍ ቃል ፍላሹን አላስነሳም አለ፤ ሲስተሙ ያለ ፍላሹ አሮጌ ቤት አልገባም አለ፤ ፕሮግራሙ ያለ ሲስተሙ አልነሳም አለ፤ ፈተናው ያለ ፕሮግራሙ አልከፈትም አለ፤ ስንዱም ጥያቄዋን መስማት አቃታት።

ናርዶስ በጨረታው ጊዜ የነበረውን አስታወሰች። የዚያ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ የነበሩት፣ ጡረታ የወጡት አቶ ጥሩነህ ናቸው። ጓጉንቸሮቹን የገዙትም የቆለፉትም እሳቸው ናቸው፤ ቤታቸውም እዚሁ ቅያስ ውስጥ ነው። ስንዱ ስማቸውን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ናርዶስ ግን አላየችም፤ ሮጣ ወጥታ ነበር።

ስትመለስ እርምጃዋ ከብዶ ነበር። አቶ ጥሩነህ መክፈቻው አሁንም በቁልፍ ማያያዣቸው ላይ እንዳለ አልካዱም። ለማን እንደሆነ ጠየቁ። ለስንዱ ነው ብትላቸው፣ ነገሩን እዚያው ቆረጡት። ለእሷ ሌላ ሰው አይለምንላት፣ ባለጉዳይዋ ራሷ ትምጣ፣ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ቁልፍ ሊጠይቅ ሰው አይልክም አሏት።

አቶ ጥሩነህ መክፈቻውን አልሰጥም አሉ፤ ጓጉንቸሩ ያለ መክፈቻው ክዳኑን አልለቅም አለ፤ ክዳኑ ባትሪዋን አላስነካም አለ፤ ኮምፒውተሩ ያለ ይለፍ ቃል ፍላሹን አላስነሳም አለ፤ ሲስተሙ ያለ ፍላሹ አሮጌ ቤት አልገባም አለ፤ ፕሮግራሙ ያለ ሲስተሙ አልነሳም አለ፤ ፈተናው ያለ ፕሮግራሙ አልከፈትም አለ፤ ስንዱም ጥያቄዋን መስማት አቃታት።

ነገሩ እውነት ነው። የአቶ ጥሩነህ ባለቤት ወይዘሮ ውድነሽ በክረምቱ አርፈዋል። ድንኳኑ ሲተከል፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ፣ ስንዱ ከአልጋዋ ሆና ትሰማ ነበር። ነገ እሄዳለሁ አለች፤ ከዚያም ነገ። ድንኳኑ ፈረሰ፣ አርባውም ወጣ፤ እሷ አልሄደችም። ማንም አልወቀሳትም። እሷ ዓይን የላትም ተባለላት እንጂ።

ናርዶስ እጇን ይዛ ልታደርሳት ፈለገች። ስንዱ አልፈለገችም። ዱላዋን አነሣችና ብቻዋን ወጣች።

በሩ ክፍት ነበር። አቶ ጥሩነህ ውስጥ እንዳሉ በትንፋሻቸው አወቀች። ጎንበስ አለች።

«ነፍስ ይማር፣ ጋሼ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

 ከዚያ ድምፃቸው ከጥግ መጣ።

«አትፍረድባት፣ ዓይን የላትም አሉኝ። እኔ ግን በየጠዋቱ ዱላሽ በደጄ ሲያልፍ እሰማዋለሁ።»

የሚመራኝ ሰው አጥቼ ነው የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ቢነገር ሰው ሁሉ የሚቀበለው ቃል ነው። ዋጠችው።

«መንገዱን አውቀዋለሁ» አለች። «ለፈተና እያጠናሁ ነበር። ባልመጣም ሰው ይቅር ይለኛል ብዬ ነው የቀረሁት።»

 በእግሯ አግዳሚ ወንበሩን ፈልጋ ተቀመጠች፤ ዱላዋን ጉልበቷ ላይ አጋደመች። ግድግዳው ላይ ሰዓት ይቆጥራል። እያንዳንዱ ምት ደረቷ ውስጥ ይገባል።

«መንገዱ ላይ ያለው የውኃ ቦይ ክዳኑ በተነሣ ጊዜ» አለች ቆይታ፣ «እትዬ ውድነሽ ከዚህ በር ላይ ሆነው ይጠብቁኝ ነበር። 'በግራ በኩል ልጄ፣ በግራ' ይሉኛል። እስክሻገር ድረስ ወደ ቤት አይገቡም። በራቸው ሲዘጋ የምሰማው ከተሻገርኩ በኋላ ነው።»

የሽማግሌው ትንፋሽ ተቆራረጠ።  ሰዓቱ ቆጠረ፣ ቆጠረ።

«ፈተናሽ በስንት ሰዓት ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«በስምንት።»

«ታዲያ ምን ያስቀምጥሻል?»

«የመጣሁት ለቅሶ ነው፣ ጋሼ።»

ወንበራቸው ተንቋቋ። ከዚያ የብዙ ቁልፎች ድምፅ ሰማች፤ ከሚስማር ላይ ሲወርዱ። «እኔው እመጣለሁ» አሉ። «የትኛው እንደሆነ ካንቺም ከዚያችም ልጅ እኔ አውቀዋለሁ።»

አላወቁትም። መጀመሪያ የሞከሩት አልገባም፤ ሁለተኛው ገብቶ አልዞረም። አቶ ጥሩነህ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይሞክሩ ጀመር። ናርዶስ ሰዓት እያየች ከንፈሯን ነከሰች። ከሁሉ ትንሹን፣ የዛገውን፣ ወደ አፋቸው አስጠግተው ተነፈሱበትና አስገቡት። ቀስ ብለው አዞሩት። ጠቅ አለ።

አቶ ጥሩነህ መክፈቻውን ሰጡ፤ ጓጉንቸሩ ክዳኑን ለቀቀ፤ ክዳኑ ባትሪዋን አስነካ፤ ባትሪዋ ተነቅላ ስትመለስ ኮምፒውተሩ ይለፍ ቃሉን ረሳ፤ ፍላሹም ተነሣ።

አሁን የቀረው መጠበቅ ነው። ናርዶስ ፋይሉን ሁሉ ጠረገች፤ ሲስተሙ ሳይመዝን መግባት ጀመረ። ያ አንባቢ ፕሮግራም አብሮ ጠፍቷልና ኮምፒውተሩ ዱዳ ሆኗል። ናርዶስ የደረሰበትን ታነባለች፤ ሩብ፣ ግማሽ፣ ከግማሽ ዘለል። ከዚያ ማንበቧን አቆመች።

«ቆሟል?» አለች ስንዱ።

«አልተንቀሳቀሰም።»

ስንዱ ጆሮዋን ወደ ጎረቤት ቤት ጣለች። ጎረቤት ውስጥ ሬዲዮ ይጮሃል፤ እሱ እስከጮኸ ድረስ መብራት አለ። መብራት ከጠፋ አሮጌውም አዲሱም የለም። ሬዲዮው አንድ ጊዜ ሲቋረጥ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠች። ጣቢያ ሲለውጡ ኖሯል። የአቶ ጥሩነህ ከባድ እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈ። የኮምፒውተሩ ማቀዝቀዣ አጓራ፣ ዝም አለ፣ እንደገና አጓራ።

«ሄደ» አለች ናርዶስ። «ሄደ፣ ሄደ።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሲስተሙ ገና ስም ይጠይቅ ነበር። ናርዶስ በስልኳ ኢንተርኔት አገናኘችው፤ አንባቢውን ፕሮግራም ጫነች። ስምንት ሰዓት ካለፈ ቆየት ብሎ አንድ ደረቅ፣ ስሜት የሌለው ድምፅ ስንዱን በእንግሊዝኛ ሰላም አላት። ስንዱ ከዚያ ድምፅ በላይ የጣማት ነገር አታስታውስም። ናርዶስን ገፋ አድርጋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ መፈተኛውን ፕሮግራም መልሶ መጫኑን ራሷ ታውቀዋለች።

ሲስተሙ አሮጌ ቤት ገባ፤ ፕሮግራሙ በሲስተሙ ላይ ተነሣ፤ ፈተናው በፕሮግራሙ ተከፈተ። በሩ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ስንዱ ገባች።

ናርዶስ መሣሪያዎቿን ሰብስባ በጣቷ ጫፍ ወጣች። አቶ ጥሩነህም ወጡ፤ ግን ሩቅ አልሄዱም። ስንዱ ወንበር ከደጃፏ ላይ ሲቀመጥ ሰማች። ወዲያው ከቅያሱ ማዶ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው እየተጣራ መጣ። «ቆራሌ—» አለና ድምፁ መሃል ላይ ተቆረጠ፤ እርምጃው ብቻ በዝግታ አለፈ።

«ጥያቄ አንድ» አለ ኮምፒውተሩ።

እስከ መጨረሻው ሰማችው። እንደገና አስነበበችው፤ የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ከዚያ ጣቷን አንሥታ መልሷን መታች።