እሳት ያደከመው ቅጠል

አንድ ቆላ መንደር ውስጥ፣ ቆረቆር የወጣባቸውን ልጆች ራስ በቅጠል የምታክም አሮጊት ነበረች። ቅጠሉን የምትቆርጠው ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከማንም ጋር ሳትነጋገር ነው። የትኛው ተክል እንደሆነ የገዛ ልጆቿ እንኳ አያውቁም፤ መድኃኒት ከታየ ይረክሳል እየተባለች ነው ያደገችው። ቅጠሉን አፍልታ በውሃው የልጆቹን ራስ ታጥባለች። አንዳንዱ ይድናል፤ ብዙው አይድንም። ካልዳኑት አንዷ የልጅ ልጇ ትርንጎ ነበረች። ትምህርት ቤት «ቆረቆራም» እያሉ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፍቶ ነበር።

አንድ ቀን ከከተማ አንዲት ተመራማሪ መጣች።

«እማማ፣ ቅጠሉን ያሳዩኝ።»

«ለወለድኳቸው ያላሳየሁትን ላንቺ ላሳይ? ደፋር ነሽ፣ ልጄ።»

«አንዱን አድኖ ሌላውን ለምን እንደሚተው መርምሬ እነግርዎታለሁ።»

አሮጊቷ ይህንኑ ራሷን ስትጠይቅ ነው የኖረችው። ትርንጎን አሰበችና፣ «ያገኘሽውን መጥተሽ ትነግሪኛለሽ፤ አደራ» ብላ አስማለቻት። ተመራማሪዋ በእናቷ ስም ምላ ቅጠሉን ይዛ ሄደች።

ቅጠሉን አድርቃ ፈጨችው። ግማሹን በውሃ አፈላች፤ ግማሹን እሳት ሳታስነካ በአልኮል ዘፈዘፈች። ሁለቱንም በየተራ ቆረቆር የሚያመጣው ፈንገስ ባደገበት የብርጭቆ ሳህን ላይ ጠብ አደረገች። የፈላው እምብዛም አልፈየደም። የተዘፈዘፈው ግን ፈንገሱን ባለበት አስቆመው፤ ዘይት ውስጥ ሲጨመርም ዘይቱ ቶሎ እንዳይበላሽ አደረገ። የተዘፈዘፈውን መልሳ ስታፈላው ኃይሉ ደከመ። ቅጠሉ ብርቱ ነበር፤ ያደከመው እሳቱ ነው። ይህን በባዕድ ቋንቋ ጻፈች። ተጨበጨበላት፤ ማዕረግ ተጨመረላት። መንደሩ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። አልሄደችም።

በሦስተኛው ዓመት ሌላ ቅጠል ፈልጋ መጣች። አሮጊቷን ድስቷን ጥዳ አገኘቻት።

«አሁንም ያፈሉታል እንዴ፣ እማማ? እሳት እኮ ኃይሉን ያደክመዋል።»

አሮጊቷ ማማሰያዋን አስቀመጠች። «ይህን ያወቅሽው መቼ ነው?»

«የዛሬ ሦስት ዓመት። ግን በሰው ላይ ገና ስላልተሞከረ…»

«በሰው ላይማ ስሞክር የኖርኩት እኔ፣ ያልተማርኩት። ትርንጎ ሁለት ዓመት ሙሉ "መቼ ትመጣለች?" እያለች ጠበቀችሽ። ሻሿን እየገፈፉ ሲስቁባት ዘንድሮ ትምህርቱን ተወችው።»

አሮጊቷ ድስቱን ደፋች። ልጆቿንና ጎረቤቶቿን ጠርታ በቀትር ፀሐይ ወደ ተክሉ ወሰደቻቸው።

«ቅጠሉ ይኸውላችሁ፤ ከእንግዲህ እሳት አታስነኩት። እኔ ከእናንተ ደበቅኩ፤ ይህች ከእኔ ደበቀች። መሃል ላይ የቀረችው ልጅቱ ናት።»

ተመራማሪዋ ቀስ ብላ፣ «ሌላውስ ቅጠል?» አለች።

«ለሁሉም አሳያለሁ። አንቺ ግን ከሰልፉ መጨረሻ ቁሚ።»

ምስጢሯን የደበቀች አሮጊት ኋላ ቀር ትባላለች። ያወቀችውን አደራ ላለቻት ሳትናገር ማዕረግ የለበሰች ግን ምሁር ትባላለች። የባሰችው ሁለተኛዋ ናት፤ አሮጊቷ የደበቀችው ፈርታ ነው፣ ተመራማሪዋ ግን ረስታ ነው። የምንረሳው ደግሞ ያላከበርነውን ሰው ነው። እውቀት ወደተወሰደበት ደጃፍ ካልተመለሰ፣ የቱንም ያህል ይጨብጨብለት፣ ስርቆት ነው።

እኛስ ከማን ተምረን፣ ለማን ሳንነግር ቀረን?