የምጥን ድርብ ጥርስ

በድሮ ዘመን፣ የኔ ቅድመ አያት እንኳ ገና ጥርስ ሳታወጣ፣ ምጥን የምትባል ድመት የምታክል ቡችላ ነበረች። ቁመቷ ትንሽ፣ ኩራቷ ትልቅ። ሥራዋ የእመት ደብሪቱን ዶሮዎች መጠበቅ ነበር።

ከመንደሩ በታች ደግሞ አያ ቀበሮ ይኖራል። ምላሱ ጣፋጭ፣ ሆዱ ተንኮለኛ። ዶሮ ይወዳል፤ የምጥንን ጥርስ ግን ይፈራል።

መቼም ታውቁታላችሁ፤ የወተት ጥርስ ሲወልቅ ጣራ ላይ ተወርውሮ «አሞራ አሞራ፣ አሮጌውን ውሰድ፣ አዲሱን አምጣ» ይባላል። በዚያ ዘመን ቡችሎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። የምጥን ጥርስ መነቃነቅ ሲጀምር አያ ቀበሮ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለ።

«እመቤት ምጥን፣ ጥርስሽን ለአሞራ ልትሰጪ ነው አሉ?»

«አዎ፣ አዲስ ያመጣልኛል።»

«አሞራ ወስዶ ሲመልስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ምጥን አሰበች። አሞራው በቀደም የወሰደውን ጫጩት አልመለሰም። «እውነትህን ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ጥርሷ እንዳይወልቅባት አጥንት መቆርጠም ተወች፤ ገንፎ ብቻ ትልሳለች።

አዲሱ ጥርስ ግን ማንንም አላስፈቀደም፤ ከአሮጌው ጎን ተገትሮ ወጣ። አያ ቀበሮ ደግሞ መጣ።

«ወይ ጉድ፣ ድርብ ጥርስ! ይሄ እኮ ለአንበሳም አልተሰጠው። ማንም እንዳይነካብሽ! እመት ደብሪቱ ልጥረግልሽ ቢሉሽ እንኳ አፍሽን ግጥም አድርጊ።»

ምጥን ደስታዋን አልቻለችውም። እመት ደብሪቱ ጠዋት ጠዋት ጥርሳቸውን በመፋቂያ ከፋቁ በኋላ የሷንም በእርጥብ ጨርቅ ሊጠርጉላት ሲጠጉ ታጉረመርማለች። በጥርሶቹ መሃል ገንፎ ተወተፈ። ገንፎው ሸተተ። ድዷ አበጠ። ዶሮዎቹ እንኳ «ምጥን፣ እባክሽ ፊትሽን አዙሪልን» ይሏት ጀመር። እሷ አፏን ገጥማ ቻለችው፤ ኩራት እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ልጆቼ።

አያ ቀበሮ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። አሁን ወሬ የለም፤ ቀጥታ ወደ ዶሮዎቹ። ምጥን ዘላ እግሩን ነከሰችው፤ ወዲያው «ዋይ!» ብላ ለቀቀችው። ያመማት እሷን ነው። ቀበሮው አንዷን ቄብ ይዞ እየሳቀ ሄደ።

እመት ደብሪቱ ላባውን አዩ። «ዶሮዬን ካላስጣልሽልኝ ሌላ ውሻ አመጣለሁ፤ አንቺም ቤት ፈልጊ» አሉ።

ምጥን ይህን ስትሰማ አፏን ከፍታ አለቀሰች። ሽታው እመት ደብሪቱን ወደ ኋላ መለሳቸው። «ውይ ልጄን! ለካ ታማ ኖሯል!» ብለው አቅፈው ወደ ወጌሻው ወደ አባ ሽበሺ ወሰዷት።

አባ ሽበሺ አፏን ገልጠው አዩ። «የትንሽ ውሻ አፍ ጠባብ ቤት ነው፤ የቀድሞው ካልለቀቀ አዲሱ የት ይቁም?»

«አዲሶቹስ ይተርፋሉ?»

«ደርሳችኋል። ብትቆዩ ኖሮ እነሱም አብረው ይበሰብሱ ነበር።»

ጉጠታቸውን አነሱ። አንዱን ነቀሉ፤ ጮኸች። ሁለተኛውን ነቀሉ፤ ጮኸች። ሦስተኛውን ሲነቅሉ ዝም አለች፤ ቀለል ብሏት ነበር። እመት ደብሪቱ የወለቁትን ጣራ ላይ ወረወሩላት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጨርቁን ገና ስታይ ራሷ አፏን ትከፍታለች። አጥንትም መቆርጠም ጀመረች።

አያ ቀበሮ ቄቧ ስታልቅበት ተመልሶ መጣ።

«እመቤት ምጥን፣ እስቲ ያንን ድርብ ጥርስሽን ልየው» አለ፣ ሊስቅባት።

«ቀረብ ብለህ እይ፣ አያ ቀበሮ።»

ቀረበ። ግምጥ አድርጋ ግማሽ ጆሮውን አስቀረችው! ከዚያ ጆሮውን ጣራ ላይ ወረወረችና «አይዞህ፣ አሞራ አዲስ ያመጣልሃል!» አለችው።

አያ ቀበሮ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ደጅ አላለፈም። ከጉድጓዱ ተቀምጦ አሞራ ባየ ቁጥር ቀና ይላል።

እና ልጆቼ፣ ጊዜው ያለፈበትን የሙጥኝ ያለ ለአዲሱ ቦታ ያጣል። ጥርሳችሁን የሚያሞግስ ሁሉ ደግሞ ለጥርሳችሁ አያስብም። እኔም ጨረስኩ፤ በሉ ተነሱ፣ አፋችሁን ተጉመጥመጡና ተኙ።