የታጨቀው የዘር ቆጠራ

ተረት ልንገራችሁ ወይስ ልማረር? ሁለቱንም እችላለሁ።

ጎረቤቴ እትዬ ደብሪቱ አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፤ የልጅ ልጃቸው ትርሲት ናሁሰናይን እንድታገባላቸው። ሽማግሌዎቹ ግን ልጆቹ እስከ ሰባት ቤት እንደማይዛመዱ ካላየን እሑድ አንመርቅም አሉ። የአገሩን ሰው ዘር ሁሉ ቆጥረው የጻፉት የእትዬ ደብሪቱ ሟች ባለቤት አቶ ይመኑ ነበሩ፤ ቆጠራውም የድሮ ፍሎፒ ዲስክ ላይ ነው። እትዬ ደብሪቱ ፍሎፒውን በነጠላ ጠቅልለው ኮምፒውተር መጠገኛዬ ድረስ አመጡልኝ። ክፈትልኝ፣ ቆሜ እጠብቃለሁ አሉ። ቆመው!

ፍሎፒው ላይ «ኤአርጄ» ተብሎ ተጽፏል። ላስረዳችሁ። ኤአርጄ የዚፕ ፋይል ወንድም በሉት። ያኔ ፍሎፒ ጠባብ ስለነበር ፋይል እንደ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ይታጨቅ ነበር፤ ያጠፈው ፕሮግራም ካልፈታው አይነበብም፤ ያ ፕሮግራም ደግሞ እኔ ዘንድ የለም። ኤአርጄ ሆይ ተፈታ ስለው፣ ያለ ሟቹ ኮምፒውተር አልፈታም አለ። ኤአርጄው ካልተፈታ ቆጠራው አይወጣ፣ ቆጠራው ካልወጣ ሽማግሌ አይመርቅ፣ ሽማግሌ ካልመረቀ ትርሲት አታገባ።

እትዬ ደብሪቱ ቤት ሄድኩ። የሟቹ ኮምፒውተር ጥልፍ ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል። ተነስ ስለው፣ ያለ ኪቦርድ አልነሳም አለ። የራሱን ኪቦርድ ሕፃናት ሰባብረውታል፤ የዘንድሮውን ደግሞ አያውቀውም፣ የገመዱ ጫፍ ክብ የሆነውን የድሮውን ነው የሚፈልገው። ኮምፒውተሩ ካልተነሳ ኤአርጄው አይፈታ፣ ኤአርጄው ካልተፈታ ቆጠራው አይወጣ፣ ቆጠራው ካልወጣ ሽማግሌ አይመርቅ፣ ሽማግሌ ካልመረቀ ትርሲት አታገባ።

ባለ ክብ ጫፉ ኪቦርድ ያለው ማመልከቻ የሚተይቡት ጋሽ ሁሴን ዘንድ ብቻ ነው። ኪቦርድ ያውሱኝ ብላቸው፣ ሙቀጫዬ ሳይመለስ አላውስም አሉ። ሙቀጫው ካልተመለሰ ኪቦርዱ አይመጣ፣ ኪቦርዱ ካልመጣ ኮምፒውተሩ አይነሳ፣ ኮምፒውተሩ ካልተነሳ ኤአርጄው አይፈታ፣ ኤአርጄው ካልተፈታ ቆጠራው አይወጣ፣ ቆጠራው ካልወጣ ሽማግሌ አይመርቅ፣ ሽማግሌ ካልመረቀ ትርሲት አታገባ። ትንፋሼ አለቀ።

«ሙቀጫውን ማን ወሰደብዎ?» አልኳቸው።

«የላከችህን ጠይቃት።»

ተመልሼ ብሄድ እትዬ ደብሪቱ ጓሮ ሆነው በጋሽ ሁሴን ሙቀጫ በርበሬ ይወቅጣሉ። መልሱላቸው ብላቸው፣ በርበሬው ሳያልቅ እንዴት ብለው ተቆጡኝ።

«በርበሬው ለማን ሠርግ ነው፣ እትዬ?»

ዘነዘናውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ።

ሙቀጫው ተመለሰ፣ ኪቦርዱ መጣ፣ ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ ኤአርጄው ተፈታ፣ ቆጠራው ወጣ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ትርሲት ትንፋሿን ውጣለች። ልጆቹ የሚገናኙት ስምንተኛው ቤት ላይ ሆነና መረቁ።

እትዬ ደብሪቱ እልል ብለው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«በል ልጄ፣ ቆጠራው እንዳይበላሽ እንደነበረው አድርገህ እጠፈው።»

ተረቴን መልሱ፣ ኪቦርዱንም ለጋሽ ሁሴን አድርሱ።